ጭቃው የመሰከረለት እግር

ለሆዱ የሚገዛ ሰው ወንድሙን ይሸጣል፤ ለስሙ የሚገዛ ሰው ደግሞ ራሱን ይሸጣል። ከሁለቱ ነጋዴዎች የከፋው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ሁለቱ በአንድ ማለዳ በአንድ ሜዳ ላይ መገናኘታቸውን ግን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ኅዳር ፲፫ ቀን፥ ረቡዕ ጧት፥ የመቶ አለቃ አንለይ ከደብረ ታቦር ፖሊስ ተልኮ ቁሐር ሚካኤል ሲደርስ የደሴ ሬሳ ገና አልተቀበረም ነበር። መርማሪ ሳያየው እንዳይነሣ ስለ ታዘዘ ከትናንት ጀምሮ በገዛ ቤቱ መደብ ላይ ተጋድሟል። የተሸፈነበት ጋቢ ከአፉ ትይዩ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፤ ዝንቡ ከዚያ ቢባረር ተመልሶ ከዚያው ያርፋል። ከውጭ ደግሞ በበዓሉ ቀን የተቃጠለው ጥራጊ ገና እየጨሰ ነበርና የጢሱ ግማትና የትውከቱ ግማት በበሩ ላይ ይገናኙ ነበር።

አንለይ ጋቢውን ገልጦ ደረቱንና ሆዱን በእጁ ዳሰሰ። ቁስል የለም፤ ሰንበር የለም። ከንፈሩ ግን ነጭ ቅርፊት ይዟል።

«ጓድ መቶ አለቃ፥ በከንቱ ደከሙ» አለ ከበሩ የቆመው ሰው። «ገዳዩ ታውቋል፤ በአፉም አምኗል። የቀረው ገመዱ ብቻ ነው።»

ይህ ሰው መንግሥቴ ይባላል፤ የሟቹ ታናሽ ወንድምና የቁሐር ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። አገጩ ከአንገቱ የማይለይ፥ ጣቶቹ ያበጡ፥ ሲናገር ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው ነበር። አንለይ በከንፈሩ ዳር የሚያብለጨልጨውን ጮማ አየ። ቀኑ የጾም ቀን መሆኑን ዐሰበ።

«እንዴት እንደ ሞተ ንገረኝ።»

«ትናንት ገና ሳይነጋ አያ ደሴን ደግፌ ወደ ማረው ሜዳ ወሰድሁት። ሕዝቡ በሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ነበር፤ እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ማረው ‹የቻይናውን ኃይል ላሳይህ› አለና ደረቱን በመዳፉ ገፋው። አያ ደሴ እዚያው ወደቀ! አልተነሣም። አንጀቱ ተበጥሶ ደም ደም እያስታወከ ረፋዱ ላይ ዐረፈ።»

«ደም?»

«ያው... ትውከት።»

የዚህን ክስ ሥር ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ደሴ ከወንድሙ በፊት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበረ። እህል በጠፋበት ክረምት ቤተ ሰቡን ጤፍ አብልቶ እርሱ ጓያ በላ፤ ጓያም የፎገራን ድሀ እንደሚያደርገው እግሩን ያዘው። ጣቶቹን እየጎተተ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር ወንበሩን መንግሥቴ ወረሰ። ማረው ግን ቻይናዎች ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚወጣውን መንገድ ሲሠሩ በሰፈራቸው ድስት ያጥብ ነበር። በዚያም ከአንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ታይ ቺ የሚባለውን ስልት ተማረ። ስልቱ እጅግ በዝግታ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማሻገር፥ ወገብን ማዞር፥ እስትንፋስን ማርጋት ነው። ለጦር ያወቀበት ሰው የባላጋራውን ግፊት ተቀብሎ ከመቆሚያው ይነቅለዋል፤ ለጤና የያዘው ሰው ደግሞ የደከመ ጉልበቱን ያጸናበታል። የቁሐር ሰው ይህን ሁሉ አልተረዳም። ማረው ማለዳ ማለዳ እጁን ሲያወዛውዝ ባየ ጊዜ «ዝንብ እሽ ይላል» ብሎ ሳቀበት። አልሳቀም የሚባለው ደሴ ብቻ ነበረ፤ እርሱም እግሩ እንዲጸናለት ማለዳ ማለዳ ከማረው ዘንድ ስልቱን ይማር ጀመር።

ማረው የታሰረው በማኅበሩ መጋዘን ነው። ሚሊሻዎቹ ምግቡን ያቀብሉት የነበረው ከረዥም ዘንግ ጫፍ አንጠልጥለው ነው፤ እጁ እንዳይነካቸው ይፈሩ ነበርና። አንለይ ገብቶ ከፊቱ በተቀመጠ ጊዜ እስረኛው አንገቱን አቀና።

«አልፈሩም፥ መቶ አለቃ?»

«አንተ ገደልኸው?»

«እኔ ነኝ። በዚህ መዳፍ። ቆዳው ሳይላጥ አንጀቱ ተበጠሰ። ይህን ምሥጢር ቻይናው ከእኔ በቀር ለማንም አልገለጠም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ የለም! ወዳጄ ነበር። ኃይሌን መግታት አቃተኝ እንጂ።»

«ከዚያ ወዲያው ወደቀ?»

«መንግሥቴ እንዳለው ነው።»

«መንግሥቴን አልጠየቅሁም።»

«ወዲያው ወደቀ።»

«ስልትህ ተጀምሮ እስኪያልቅ የሚሠራው በአንድ ቦታ ነው?»

የማረው ፊት በራ። ይህን ሊያስረዳ ይወድ ነበር። «የለም፤ ይሄዳል፥ ይዞራል፥ ይመለሳል። በትክክል የሠራው ሰው ከጀመረበት እግር ቦታ ላይ ይዘጋዋል። ከተዛነፈ ግን ክብደቱን አላወቀውም ማለት ነው።»

«እንደሚሰቅሉህ ታውቃለህ?»

እጁን ከጋቢው በታች ደበቀ። «ሁሉም ይሞታል። ባለፈው ገበያ በወረታ አደባባይ ‹ዝንብ እሽ› ያሉኝ ሰዎች ዛሬ ከጥላዬ ይሸሻሉ። ይበቃኛል።»

አንለይ ተነሥቶ ወጣ። ብዙ ገዳዮች ሲክዱ ሰምቷል፤ ያልገደለ ሰው በገዳይነት ሲኮራ ግን አይቶ አያውቅም።

ከመጋዘኑ ደጃፍ የማረው ሚስት እናኑ ከእግሩ ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ፥ ውሸቱን ነው! ለፋሲካ በጋችንን እንኳ የሚያርድልን ጎረቤት ነው። እሱ ደም ካየ ጓዳ ይገባል። ልጆቼን በውሸቱ ያለ አባት ሊያስቀርብኝ ነው!»

«ተነሺ። ትናንት ማለዳ የጠጡት ነገር ነበር?»

«ሁልጊዜ የሚጠጡት አለ። ስልቱ ሲያልቅ በትኩሱ ይጠጣል። እሱ የቻይና ሻይ ይለዋል።»

«አንቺስ?»

ዞር ዞር ብላ አየች። «የቻይናው ቅጠል ድሮ አለቀ። የአጥራችን ግራዋ ነው፤ ጋን የምናጥብበት! እኔ ነኝ የማፈላው። እባክዎ እንዳይነግሩብኝ፥ ይገድለኛል።»

«በመዳፉ?»

«በአፉ እንጂ!»

«እርሱ ራሱ ጠጣ?»

«ከዚያው ማሰሮ። ይኸው እስካሁን ያገሳዋል። ትራፊው እንኳ አልተደፋም።»

አንለይ ማሰሮውን እንድታመጣ አዘዛት። ከወንዝ ዳር ነፍስ ያላቸው ቀንድ አውጣዎች አስለቅሞ ከትራፊው ውስጥ ጨመረና ማሰሮውን በአንድ ሚሊሻ አስጠበቀው። ከዚያ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሸዋዓለም ሄደ። ሴትዮዋ እንባዋ አልቆ በባዶ ዓይን ተቀምጣ ነበር።

«ለሚካኤል ተስሎ ነበር» አለች። «ታቦቱ ሲወጣ ያለ ምርኩዝ ቆሜ እሸኛለሁ ብሎ። ጓያ የያዘው እግር ፈጽሞ አይድንም፤ ያውቃል። ብቻ በዚያ በማረው ነገር ጉልበቱ ጸንቶለት ነበር። እኔ ከዋዜማው ጀምሬ ማኅሌት ነበርሁ። ተመልሼ ያገኘሁት ይህን ነው።»

«ከበዓሉ በኋላስ ምን ሊያደርግ አስቦ ነበር?»

«ከሸንጎ ፊት በእግሬ ቆሜ ስለ በሬዎቹ እጠይቃለሁ ይል ነበር። የማኅበሩን በሬዎች ጎርፍ ወሰዳቸው ተብሎ ነበር እኮ። እሱ ግን ‹ጎርፍ በሬ ሲወስድ ቆዳውን ገፍፎ ለወረታ ገበያ አይልክም› አለ።»

«ይህን ለማን ተናገረ?»

«ለወንድሙ ነዋ። በሰው ፊት እንዳያፍር ብሎ አስቀድሞ ለብቻው ነገረው።»

«የሚጠጣበት ዕቃ የራሱ ነበር?»

«ሽክናው አለ። ዛጎል የተለበጠበት ቅል፥ የአባቱ። ማኅሌት ስሄድ ለመንግሥቴ ሰጥቼው ነበር፥ ጧት ይዞለት እንዲሄድ። ኋላ ስጠይቀው ማረው ጋር ቀርቷል አለኝ።»

የማረው ሜዳ ጎርፉ በቅርቡ የሸሸበት ጥቁር መሬት ነው። ትናንት ማለዳ ጭቃ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ አድርቆታል። መንግሥቴ ራሱ «የወንጀሉ ቦታ ይጠበቅ» ብሎ ሚሊሻ አቁሞበት ነበርና ከብት አልረገጠውም። ትእዛዙ የጉራ ትእዛዝ ነበረ፤ ነገር ግን ለፍርድ ጠቀመ።

አንለይ ከዳር ተቀምጦ ጭቃውን ብዙ ጊዜ ተመለከተው። በመካከል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የቆሙበት ዱካ አለ፤ የአንዱ ጣቶች መሬቱን የጎተቱ ናቸው። ከጎኑ የምርኩዝ ጉድጓድ አለ። ከዚያ ያው ጣቱን የሚጎትተው እግር ብቻውን ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ተረከዙ ጠልቆ፥ የእግሩ ጫማ ቀስ ብሎ ዞሮ፥ እንደ ገና ጠልቆ። ሲመለስ በማረው ዱካ ላይ ረግጦበታል። በመጨረሻም ከምርኩዙ ጉድጓድ አጠገብ፥ ከተነሣበት ዱካ ላይ፥ ሁለቱን እግሮች አስተካክሎ ቆሟል። በመንገዱ ሁሉ ሌላ የምርኩዝ ጉድጓድ አልነበረም። የመውደቂያው ምልክት ከዚያ በኋላ፥ ከሜዳው ጥግ፥ ማሰሮ ከተቀመጠበት ከሦስቱ ጉልቻ አጠገብ ነበር።

አንለይ ቆቡን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ለሚሊሻው አልነገረውም።

ከሜዳው ወደ መንግሥቴ ቤት የምትወስደው ቀጭን መንገድ ከበረቱ ጀርባ አንዲት ኩሬ አጠገብ ታልፋለች። ከኩሬው የወጣው ሽታ አስቀድሞ ተቀበለው። ቀንድ አውጣዎች ተገልብጠው ሥጋቸው ከቅርፊታቸው ላይ ተዝለግልጎ ወጥቷል፤ አልቅቶች እንደ ራሰ ክር ተንሳፍፈዋል። መንግሥቴ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣ።

«ጓድ፥ ከዚህ ግማት ምን ይፈልጋሉ?»

«ከብቶችህን ከየት ታጠጣለህ?»

«ከዚሁ ነዋ። ሰኞ ማታ እንኳ ጠጥተው ጠግበዋል። ዛሬ ግን አሸተው ተመለሱ።»

«ምን ገባበት?»

«ትናንት ሴቶቹ ልብስ አጥበውበት ይሆናላ። እንዶድ አልቅትንም ቀንድ አውጣንም ይፈጃል፤ ሕፃን ያውቀዋል።»

«ትናንት» አለ አንለይ።

«ትናንት።»

«ጥማት ይዞኛል። ከቤትህ ውኃ አታቀምሰኝም?»

መንግሥቴ ቤት ውስጥ፥ ከምሰሶው ላይ፥ ትኩስ የበሬ ጎድን ተሰቅሎ ነበር፤ ደሙ ገና በወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከጎድኑ አጠገብ ዛጎል የተለበጠበት ሽክና ተንጠልጥሏል። አንለይ በእጁ አውርዶ አየው።

«ደግ ሽክና ነው።»

«አያ ደሴ በሕይወቱ ሳለ ሰጠኝ» አለ መንግሥቴ ቸኩሎ። «የአባታችን ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ አይጣልም።»

«አዎን» አለ አንለይ። «አንተ አትጥለውም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በማረው ሜዳ ዳር ተሰበሰቡ፤ ሸዋዓለም፥ እናኑ፥ መንግሥቴ፥ የሚካኤል ደብር ሽማግሌ መሪጌታ ተክለ ማርያም፥ ከኋላቸውም የቁሐር ሕዝብ። ማረው በገመድ ጫፍ ተጎትቶ መጣ፤ ሕዝቡም ሰፊ መንገድ ለቀቀለት። ይህን ባየ ጊዜ ደረቱን ነፋ።

«ፍቱት» አለ አንለይ። «ማረው፥ ደሴን እንደ ገፋኸው እኔን ግፋኝ።»

«መቶ አለቃ፥ ይቅርብዎ።»

«ግፋ! በሙሉ ኃይልህ።»

ሴቶች ፊታቸውን ሸፈኑ። ማረው እግሩን አጽንቶ፥ ወገቡን አዙሮ፥ መዳፉን ከመርማሪው ደረት አሳረፈ። አንለይ ወደ ኋላ ተንደርድሮ ሊወድቅ ሲል ቆመ። ደረቱንም አራገፈ።

«ከመቆሚያዬ ነቀልኸኝ፤ ስልቱስ እውነተኛ ነው። አንጀቴ ግን በቦታው አለ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ዝንቡ አመለጠ!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ማረው ራሱን ደፋ።

«ዝም በሉ» አለ አንለይ። «የምትስቁበት ነገር ገና አልሰማችሁም። ከሳሹም ተከሳሹም ‹ሲገፋ ወዲያው ወደቀ› ይላሉ። ጭቃው ግን ይክዳቸዋል። ጣቱን የሚጎትተው እግር ከመገፋፋቱ በኋላ በማረው ዱካ ላይ ረግጦ አልፏል፤ ስልቱን በሙሉ ሠርቶ ከጀመረበት ዱካ ላይ ዘግቶታል። አንጀቱ የተበጠሰ ሰው ይህን አያደርግም። ስለዚህ ሲገፋ ደህና ነበረ፤ ሲጨርስም ደህና ነበረ። የወደቀው ከጉልቻው አጠገብ ነው። ከጉልቻው አጠገብ ምን አደረገ? ጠጣ።»

«እኔ ነኝ ያፈላሁት!» ብላ እናኑ ጮኸች።

«አንቺ ነሽ። ነገር ግን ባልሽም ከዚያው ጠጥቷል። በትራፊው ውስጥ የጨመርኋቸው ቀንድ አውጣዎችም ይኸው በማሰሮው ግድግዳ ላይ ይሄዳሉ። ማሰሮው ንጹሕ ነው። ሸዋዓለም በማኅሌት ነበረች፤ መሪጌታ ይመሰክሩላታል። እንግዲህ መርዙ በማሰሮው ካልነበረ በሽክናው ነበረ። ሽክናውን ከዋዜማ እስከ ማለዳ የያዘው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዘወር አሉ።

«ውሸት!» አለ መንግሥቴ። «ወንድሜ መርዝን ሳይለይ ይጠጣል?»

«መራራ መጠጥ ለለመደ ሰው ምሬት አያስጠነቅቀውም። ይልቅስ መሪጌታ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ትናንት፥ በኅዳር ሚካኤል፥ ከቁሐር ሴቶች ልብስ ያጠበች አለች?»

መሪጌታ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «በንግሡ ዕለት? ምን የሚሉት ነገር ነው! በዚህ ደብር በሚካኤል ዕለት ጨርቅ የምታርስ ሴት አልተወለደችም።»

«ይሁን እንጂ ሰኞ ማታ ንጹሕ የነበረው የመንግሥቴ ኩሬ ትናንት እንዶድ ገብቶበታል። እንዶድ በብዛት ከተጠጣ ሰውንም ይገድላል፤ እኔ ግን እንዶድን አላነሣሁም፤ ያነሣልኝ እርሱ ነው። ‹ሴቶቹ ትናንት አጥበውበት ነው› አለኝ። በዓሉን በጎድንና በቅልጥም የዋለ ሰው፥ ጎረቤቶቹ እንዴት እንደዋሉት ረስቶታል።»

አንለይ ከእናኑ የተቀበለውን የማረውን ሽክናና ከመንግሥቴ ቤት ያመጣውን የደሴን ሽክና ጎን ለጎን አስቀምጦ በሁለቱ ንጹሕ ውኃ ጨመረ። አፋቸውን በመዳፉ ከድኖ ናጣቸው። የማረው ውኃ አረንጓዴ ሆኖ ተቀመጠ። በደሴ ሽክና ግን ነጭ የእንዶድ አረፋ ተነሥቶ በዛጎሉ ላይ ሞልቶ ፈሰሰ፤ በሟቹ ከንፈር ላይ እንደ ደረቀው ያለ ነጭ።

«ቅል የጠጣውን አይረሳም» አለ። «ሌላ ገዳይ ሰብሮ ይጥለው ነበር። ይህ ግን በኩሬው ዐጥቦ ከሥጋው አጠገብ ሰቀለው። ዕቃው አሳዘነው፤ ወንድሙ አላሳዘነውም።»

ሸዋዓለም ከመንግሥቴ ፊት ቆመች። «እሱ እንዳታፍር ብሎ አስቀድሞ ነገረህ» አለች። «እንዳታፍር ብሎ!»

መንግሥቴ ላቡን በእጁ ጠረገ፤ ጮማው በፊቱ ላይ ተቀባ። «ምን ጎደለበት?» አለ በመጨረሻ። «ተቀምጦ ይበላ ነበር። እኔ አበላው ነበር። ለምን ተነሣ?»

ከዚህ ቃል በኋላ የሚጠየቅ አልነበረም። ሚሊሻዎቹ ማረው በታሰረበት ገመድ ሊቀ መንበራቸውን አሰሩት።

አንለይ ወደ ማረው ተመለሰ። «አንተን አልጨረስሁም። ና፥ ጭቃውን እይ። ምርኩዙ የቆመው የት ነው?»

«ከመጀመሪያው ላይ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ማረው ዱካውን በዓይኑ ተከተለ፤ ሄደ፥ ዞረ፥ ተመለሰ። «የለም። ያለ ምርኩዝ... ትናንት ያለ ምርኩዝ ዘጋው። እኔ ነበርሁ ያየሁት። ከእኔ በቀር ያየም የለም።»

«ይህን አይተህ ወዳጅህ በዓይንህ ፊት ሲወድቅ ምን ብለህ መሰከርህ? አንካሳን ያቆመ እጅ ነበረህ፤ አንተ ግን ሰው በገደለ እጅ መመስገን መረጥህ። እውነተኛው ክብርህ በጭቃ ላይ ተጽፎ ሳለ በውሸት ገመድ ልትሰቀልበት ነበር። ከወንድሙ ገዳይ ጋር እኩል አልጸየፍህም፤ ግን እጸየፍሃለሁ።»

ማረው ከዱካው አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። እናኑ ብቻ ቀረበችው፤ እርሷም ከአጠገቡ ቆመች እንጂ እጁን አልያዘችም።

ደሴ በዚያው ቀን ማታ ሳይመሽ በሚካኤል ተቀበረ። ሸዋዓለም «ያለ ምርኩዝ ይሂድ» ብላ ምርኩዙን ለቃሬዛው መሸከሚያ እንዳይጠቀሙበት ከለከለች።

ማረው የሐሰት ቃል በመስጠት ወንጀል ስድስት ወር ታሰረ። መንግሥቴ ወንድሙን በመርዝ በመግደልና የማኅበሩን በሬዎች አርዶ በመብላት ጥፋተኛ ሆኖ በጎንደር ሞት ተፈረደበት። በተሰቀለበት ማለዳ ምን እንደሚፈልግ ቢጠየቅ ሥጋ ለመነ። ቀኑ ዓርብ ነበረና አልተገኘም።